ለጎረቤት የተረፈ ጉልበት

ማታ ወሎ ሰፈር ላይ ከታክሲ የወረደ ሰው የሱቆቹን ባለቀለም የመብራት ጽሑፍ በጅምላ «ኒዮን» ሲሉት ሰምቶ ይሆናል። ዛሬ አብዛኛው ኤልኢዲ ነው፤ እውነተኛው የኒዮን ጋዝ የሚያበራው ብርቱካን የመሰለ ቀይ ብቻ ነው። ፊዚክስ ዘንድ ግን ጋዙ ሌላ ዝና አለው።

የኒዮን አቶም ባይተዋር ነው፤ ከማንም ጋር አይዋሐድም። በጣም ሲቀዘቅዝ ብቻ ሁለት አቶሞች ተጠጋግተው ይቆማሉ። ከአንደኛው የውስጥ ምህዋር አንድ ኤሌክትሮን በጨረር ተመትቶ ቢወጣ፣ ከውጪኛው ምህዋር ሌላ ወርዶ ክፍተቱን ይሞላል። 27 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ኃይል ይተርፋል። ይህ ከራሱ ሌላ ኤሌክትሮን ለመንቀል አይበቃም፤ አንድ የጎደለበት አቶም የቀሩትን አጥብቆ ይይዛል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ እያዘገመ ብርሃን አውጥቶ በተገላገለ ነበር። የጎረቤቱን ለማስወጣት ግን 21.6 ይበቃል! ኃይሉ ይሻገራል፣ የጎረቤት ኤሌክትሮን ይወጣል፣ ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆነው የቀሩት አቶሞች ተገፋፍተው ይለያያሉ። ይህን ዓይነቱን ሂደት ሃይደልበርግ የነበሩት ሎሬንዝ ቼደርባውምና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. በስሌት ተነበዩት፤ በ2003 በሙከራ ታየ።

ነገሩ የሚያልቀው እጅግ አጭር በሆኑ የሰከንድ ክፍልፋዮች፣ በፌምቶሰከንዶች ነው። በዚህ ፍጥነት ኬሚስትሪን ያየው የደመንሁሩ ተወላጅ፣ የዓባይ ልጅ አህመድ ዘወይል በ1999 ኖቤል ወሰደ፤ ሺህ ጊዜ ወደሚያጥረው አቶሰከንድ የወረዱት ደግሞ በ2023።

የሁለቱን ኒዮኖች ነገር በኮምፒውተር ማስላቱ ሌላ ጣጣ ነው። ስፋት፣ ርዝመትና ከፍታን በየ100 ነጥብ ብንከፍል ለአንድ ኤሌክትሮን አንድ ሚሊዮን ቁጥር ያስፈልጋል። ለሁለት፣ ትሪሊዮን። ሁለቱ ኒዮኖች 20 ኤሌክትሮን አላቸው፦ 1 ከ120 ዜሮ ጋር። በሚታየው ጠፈር ያሉት አቶሞች እንኳ 1 ከ80 ዜሮ ጋር ገደማ ናቸው። ስለዚህ ባለሙያው አቋራጭ ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ሩንገና ግሮስ በ1984 ባሳዩት መንገድ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ትቶ የጋራ እፍጋታቸውን ይከተላል፤ «ኦክቶፐስ» የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠራው እንዲህ ነው።

እኔን ደስ የሚለኝ የድሃው መንገድ ነው፦ ሁለት ኤሌክትሮን፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ በመስመሩ ላይ 1,000 ነጥብ። አንድ ሚሊዮን ቁጥር ብቻ፣ 16 ሜጋባይት። የአራት ኪሎ የፊዚክስ ተማሪ ወሎ ሰፈር ቡና በሚፈላበት ቤት ላፕቶፑን ከፍቶ 100 ፌምቶሰከንድን በአንድ አንድ አቶሰከንድ ቢራመድ፣ መቶ ሺህ እርምጃ ነው። አቦል ሲቀዳ የተጀመረው በረካ ላይ ሊደርስ ይችላል፣ መብራት ቢሄድም ባትሪው ከቻለ።