የእንግሊዝኛን ቃል ቶሎ መያዝና አለመርሳት

«የኔ ጭንቅላት እንግሊዝኛ አይቀበልም» የሚል ሰው ብዙ ነው። ይህ ሰው አንድ ገጽ ሙሉ ቃል ይዞ ሌሊቱን ሲያነበንብ ያድራል። በሦስተኛው ቀን ሲጠየቅ ግን ከሃያው ቃል አራቱን እንኳ አያስታውስም። ከዚያ በኋላ ጥፋቱን በጭንቅላቱ ላይ ይጥልና ደብተሩን ይዘጋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ ያልተስተካከለው የአጠናን ዘዴው ነው። በዚህ ጽሑፍ ቃል ለምን እንደሚረሳ፣ እንዴትስ እንደሚያዝ፣ ያለ ብዙ ወጪ በቤታችን ምን ማድረግ እንደምንችል እንመለከታለን።

ቃል ማወቅ ለምን ይጠቅማል?

በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃል ያጠረው ተማሪ የሚቸገረው በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ባዮሎጂውም፣ ጂኦግራፊውም፣ ታሪኩም አብሮ ያመልጠዋል። ጥያቄው ምን እንደሚል ካልገባው መልሱን ከየት ያመጣዋል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። የዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ማሳበብ ትክክል አይሆንም። ይሁንና ጥያቄውን አንብቦ መረዳት የመጀመሪያው እርምጃ መሆኑን ማንም አይክድም።

ጉዳዩ የተማሪ ብቻ አይደለም። ገበሬው በሚገዛው የተባይ መድኃኒት ዕቃ ላይ «ፖይዘን» የሚል ቃል ይኖራል፤ መርዝ ማለት ነው። እናት ለልጇ በምትገዛው መድኃኒት ካርቶን ላይ ደግሞ «ኤክስፓይሪ ዴት» የሚል አለ፤ መድኃኒቱ የሚያበቃበት ቀን ማለት ነው። ያ ቀን የሚጻፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህን ሳያውቅ በኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ገና ሰባት ዓመት የቀረው ሊመስለው ይችላል። እንግዲህ ሁለት ሦስት ቃል ማወቅ ሕይወት እስከ ማዳን ይደርሳል።

ገበያው ምን ያስተምረናል?

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በገበያዋ የሰባት ቤት ጉራጌ ቋንቋዎች፣ ቀቤንኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ይሰማሉ። ወደ ቡታጅራ ብንሄድ መስቃንኛው፣ ስልጥኛው፣ ማረቆኛውና አማርኛው እንደዚሁ ተቀላቅሎ ይገኛል። ከገጠር ቅቤና ቆጮ ይዘው የሚመጡ ብዙ እናቶች ትምህርት ቤት ሳይገቡ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ይገበያያሉ። ታዲያ ቃላቱን ማን አስጠናቸው?

ማንም አላስጠናቸውም። ደንበኛ መጥቶ «ስንት ነው?» ሲል የግድ መመለስ ነበረባቸው። ቃሉ ሲጠፋቸው አሰብ አድርገው ፈለጉት፤ ካጡትም ጎረቤት ሻጭ ጠየቁ። በሚቀጥለው ገበያ ያው ቃል ተመልሶ መጣ። በዚህ ጊዜ ትንሽ ቀለላቸው። በሦስተኛው ገበያ ሳያስቡት ከአፋቸው ወጣ።

ከዚህ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቃሉ ለሥራ ተፈለገ። ሁለተኛ፣ ከሰሚው ይልቅ ተናጋሪው ራሱ ቃሉን ከአእምሮው ፈልጎ አወጣው። ሦስተኛ፣ ቃሉ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ሳይሆን ቀን እየቆየ ተመላለሰ። ከዚህ በታች የምናያቸው ዘዴዎች በሙሉ ከነዚህ ከሦስቱ የወጡ ናቸው።

መርሳት የጭንቅላት ድክመት አይደለም

ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ ምሁር መርሳትን በራሱ ላይ መርምሮ ውጤቱን በ1885 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ትርጉም የሌላቸውን አጫጭር ድምፆች በቃሉ ያጠናና ከሰዓታትና ከቀናት በኋላ ምን ያህሉ እንደቀረው ይለካ ነበር። ብዙው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ሆኖ ተገኘ። ከአንድ ቀን በኋላ የቀረው ሲሦ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን መርሳቱ እየዘገመ ሄደ። ትርጉም ያለው ነገር እንዲህ ቶሎ ባይጠፋም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ትናንት ያጠናነውን ዛሬ ብንረሳ ሰው ሁሉ የሚሆነውን ሆንን እንጂ ደደቦች አይደለንም።

የፊደል ዕውቀትም እንዲሁ ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ለተመረቁት የሚሆኑ ተከታይ የንባብ መጻሕፍት ይዘጋጁ ነበር። ፊደል የቆጠረ ሰው ካላነበበ ፊደሉን ይረሳዋል። እርሻ አንዴ ታርሶ እንደማይቀር ሁሉ ቃልም አንዴ ተጠንቶ አይቀርም።

ማስገባት ብቻ ሳይሆን ማውጣት

ብዙ ተማሪ «ጥናት» የሚለው ቃሉን ደጋግሞ ማየትን ነው። ቃሉን አሥር ጊዜ ያየው ሰው ያወቀው ይመስለዋል፤ ዓይኑ ስለለመደው ነው። ፊቱን ለምደን ስሙን የማናውቀው ሰው ስንት አለ?

በ2008 እ.ኤ.አ. ካርፒክና ሮዲገር የሚባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች 40 የስዋሂሊ ቃላትን ከእንግሊዝኛ ፍቺያቸው ጋር ሰጡ። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ቃሉን አንዴ ካወቁት በኋላም እየደጋገሙ ተጠየቁ። ሌሎቹ ግን አንዴ ያወቁትን ቃል እንደገና አልተጠየቁም፤ ማንበቡን ብቻ የቀጠሉም ነበሩ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ሲፈተኑ፣ ሲጠየቁ የነበሩት ከመቶ 80 ያህሉን አስታወሱ። መጠየቅ የቀረባቸው ግን ያስታወሱት ከመቶ 35 ያህሉን ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቃሉን ከአእምሮ ፈልጎ ማውጣቱ ነው።

ይህ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤትም ሆነ በቁርአን ትምህርት ቤት ልጁ ያጠናውን በመምህሩ ፊት ሳያይ በቃሉ ይለዋል። ሲሳሳት ይታረማል፤ ነገም ይደግመዋል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ቃሉን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡ፤ ከዚያ ፍቺውን በእጃችሁ ሸፍኑና ራሳችሁን ጠይቁ። ወዲያው አልመጣ ቢል ቶሎ አትግለጡት። ትንሽ ታገሉት። ከታገላችሁት በኋላ ያያችሁት መልስ ይበልጥ ይያዛል።

የሦስት ሳጥን ዘዴ

ላይትነር የሚባል ጋዜጠኛ በ1972 እ.ኤ.አ. በጀርመንኛ ባሳተመው መጽሐፍ ቃላትን በካርድና በሳጥን የማጥናት ዘዴ አስተዋውቋል። ለኛ እንዲመች እንዲህ አድርገን ልንሠራው እንችላለን።

ሀ. ያለቀ ደብተር ወስዳችሁ ወረቀቱን በመዳፍ ልክ ቁረጡ። በአንዱ ገጽ የአማርኛውን ቃል፣ በጀርባው የእንግሊዝኛውን ቃልና አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለ. ሦስት ባዶ ካርቶን አዘጋጁ፤ የጫማ ካርቶን ይበቃል። አዲስ ካርድ ሁሉ አንደኛው ካርቶን ውስጥ ይገባል።

ሐ. አንደኛው ካርቶን በየቀኑ ይጠየቃል። ሁለተኛው በየሦስት ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ይጠየቃል። ለሦስተኛው የገበያ ቀን ቢመረጥ አይረሳም።

መ. ያወቃችሁት ካርድ ወደሚቀጥለው ካርቶን ያልፋል። የሳታችሁት ካርድ የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል።

የዚህ ዘዴ ጥቅሙ ምንድን ነው? የምናውቀውን ቃል በየቀኑ እያነበብን ጊዜ አናባክንም፤ የሚያስቸግረን ቃል ግን ራሱ እየተመለሰ ይመጣል። ጠያቂ ከተገኘ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ማንበብ የሚችል ልጅ አባቱን መጠየቅ ይችላል፤ አባትም ልጁን። ማፈር አያስፈልግም።

ቃልን በምናውቀው ነገር ማሰር

አዲስ ቃል በአየር ላይ አይንጠለጠልም፤ የሚታሰርበት ነገር ይፈልጋል። አንዱ ማሰሪያ የድምፅ ተመሳሳይነት ነው። አትኪንሰን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር በ1975 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ የሩሲያኛ ቃላት በዚህ ዘዴ በደንብ እንደሚያዙ አሳይቷል። እኛም በአማርኛ ልንሞክረው እንችላለን።

«ጎት» ማለት ፍየል ነው። ድምፁ ከጎታ ጋር ይቀራረባል። ፍየሏ ጎታ ውስጥ ገብታ እህሉን ስትፈጀው በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ።

«ቤል» ማለት ደወል ነው። ደወሉ ሲደወል «በል ተነስ!» የሚል ይምሰላችሁ።

«ሻርፕ» ማለት ስለታም ነው። ስለታም ቢላዋ አዲሱን ሻርፕ ሲተለትለው አስቡ።

«ኬሪ» ማለት መሸከም ነው። ጋሪ የከበደ ዕቃ ተሸክሞ ሲሄድ ይታያችሁ።

ሥዕሉ የሚያስቅ ወይም እንግዳ ቢሆን አይከፋም፤ እንዲያውም ቶሎ ይታወሳል። ልጅቱ «አባዬ፣ ፍየል በእንግሊዝኛ ምንድን ነው?» ስትል አባት «ያቺ እህሉን የፈጀችው... ጎታ... ጎት!» ብሎ ይመልሳል። ጥቂት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ጎታው ይቀርና «ጎት» ብቻውን ይመጣል። ይህ ዘዴ ግን ለቃል ሁሉ አይሆንም። ተመሳሳይ ድምፅ ካልተገኘ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ሁለተኛው ማሰሪያ አስቀድሞ የምናውቀው ቃል ነው። ባንክ፣ ሆቴል፣ ቲኬት፣ ዶክተር፣ ኔትወርክ፣ ቻርጀር እያልን ሳናስበው ብዙ የእንግሊዝኛ ቃል እንናገራለን። ስልኩን «አንሎክ» የሚያደርግ ሰው «ሎክ» መቆለፍ፣ «አን» ደግሞ ነገሩን የሚገለብጥ ቅጥያ መሆኑን ቢያውቅ «ሃፒ» ደስተኛ፣ «አንሃፒ» ደስ ያላለው መሆኑን ይገምታል። እንደዚሁም «ቲች» ማስተማር፣ «ቲቸር» አስተማሪ፤ «ሴል» መሸጥ፣ «ሴለር» ሻጭ፤ «ፋርም» እርሻ፣ «ፋርመር» ገበሬ ነው። አንድ ቃል ስንይዝ ቤተሰቡንም አብረን እንያዝ።

ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ያሳስታሉ። ፋብሪካ ለማለት «ፋብሪክ» ብንል እንግሊዝኛው ጨርቅ ማለት ይሆናል፤ ትክክለኛው «ፋክተሪ» ነው። «ማሽን» መኪናን ቢመስልም እንግሊዝኛው ማንኛውንም የሥራ መሣሪያ ሞተር ይላል እንጂ የምንሳፈርበትን «ካር» ነው የሚለው። የመኪና ጎማም «ታየር» እንጂ «ገም» አይደለም፤ «ገም» ሙጫ ነው።

የትኞቹን ቃላት እናስቀድም?

እንግሊዝኛ እጅግ ብዙ ቃላት አሉት። ሁሉንም የሚያውቅ እንግሊዛዊም የለም። ማይክል ዌስት የተባለ መምህር በ1953 እ.ኤ.አ. ለተማሪ ይበልጥ የሚጠቅሙ 2,000 ያህል ቃላትን ዝርዝር አሳትሟል። እነዚህን የያዘ ሰው በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚያገኛቸው አምስት ቃላት አራቱን ያህል ያውቃቸዋል። በቀን አምስት ቃል የሚይዝ ሰው በአንድ ዓመት ወደዚያው ይጠጋል። በቀን ሃምሳ ጀምሮ በሳምንቱ ከመተው ይልቅ በቀን አምስት ሳያቋርጡ መሄድ ይሻላል። ዕቁብም የሚሞላው በየጊዜው በሚገባ ትንሽ ገንዘብ ነው።

መጀመሪያ ለሥራችሁ የሚፈለጉትን ምረጡ። ባለሱቅ ዋጋን፣ ክብደትንና የዕቃን ስም ያስቀድም። ተማሪ «ኤክስፕሌይን» ማለት አብራራ፣ «ኮምፔር» ማለት አወዳድር እንደሆነ ሳያውቅ ፈተና አይግባ።

መጠንቀቅ የሚገባን ነገሮች

1. የሚመሳሰሉ ወይም ተቃራኒ የሆኑ አዳዲስ ቃላትን በአንድ ቀን አታጥኑ። «ራይት» ቀኝ፣ «ሌፍት» ግራ መሆኑን አንድ ላይ ያጠና ሰው የትኛው የትኛው እንደሆነ ይምታታበታል። አንዱ ከተደላደለ በኋላ ሌላው ይምጣ።

2. አጠራሩን በኛ ፊደል መጻፍ ለጀማሪ ይረዳል። አጻጻፉን ግን ለብቻው ማጥናት ያስፈልጋል። «ናይፍ» ማለትም ቢላዋ ሲጻፍ በ«ኬ» ይጀምራል፤ ሲነገር ግን «ኬ» አይሰማም።

3. ቃሉን ብቻውን አትተዉት፤ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት። ድምፅ አውጥታችሁ ተናገሩት። በቤት ያለውን በር፣ ወንበርና ድስት ስም እየጠራችሁ አልፉ።

4. እንቅልፍ አትዝለሉ። ማታ የተጠና ነገር በእንቅልፍ ጊዜ ይደላደላል። ሌሊቱን ሙሉ ከማንበብ ማታ ሩብ ሰዓት፣ ጠዋት ሩብ ሰዓት ማጥናት ይበልጣል።

ማጠቃለያ

ቃል የሚያዘው በማየት ብዛት አይደለም፤ ከአእምሮ ፈልጎ በማውጣትና ቀን እያቆዩ በመመላለስ ነው። ይህንንም ለማድረግ የሚያስፈልገው ያለቀ ደብተር፣ ሦስት ካርቶንና የሚጠይቅ ሰው ነው። ጉራጌኛ ወይም ስልጥኛ በቤቱ ተናግሮ፣ በገበያ አማርኛ የለመደ ሰው አንድ ቋንቋ መጨመር እንደሚችል አስቀድሞ በሥራ አሳይቷል። እንግሊዝኛም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።

ጥያቄዎች

1. ከገበያው ምሳሌ የተገኙት ሦስቱ ትምህርቶች ምንና ምን ናቸው?
2. አንድን ቃል ደጋግሞ ማየት ቃሉን ከማወቅ በምን ይለያል?
3. በሦስተኛው ካርቶን ያለ ቃል ቢጠፋችሁ ካርዱ ወዴት ይሄዳል? ለምን?
4. በቤታችሁ ካለ የመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ። በኛ አቆጣጠር መቼ ነው?
5. ለሥራችሁ የሚጠቅሙ አምስት የእንግሊዝኛ ቃላት መርጣችሁ ካርድ ሥሩ፤ ነገ ጠዋት ሳታዩ እንዲጠይቃችሁ ለቤተሰባችሁ ስጡ።