የጭቃና የአሸዋ ነዋሪዎች

በካራን ወቅት፣ በሐምሌና በነሐሴው ዝናብ፣ የጅጅጋን ሜዳ በእግሩ ያቋረጠ ሰው ዋልካውን አይረሳውም። ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ጫማ ይነጥቃል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ወደ ደገሃቡር በኩል ጀረር ሸለቆ ሲደርሱ ግን የደረቀው ወንዝ ወለል አሸዋ ነው፤ ሰው አሸዋውን ጭሮ ከሥሩ ውሃ ይቀዳል። ዋልካው ውሃውን አፍኖ ይይዛል፣ አሸዋው ያሳልፋል። በባሕር ዳርቻ ወለል ላይ በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ዕጣም የሚወሰነው በዚሁ ነው።

ለጅጅጋ የሚቀርበው ባሕር በስተሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ዘይላና በርበራ ያሉበት። ማዕበል በሚበረታበት ዳርቻ አሸዋ ይቀራል። ውሃው በሚረጋበት፣ ጨው የለመዱ ዕፅዋት በሚበቅሉበት ረግረግ ደግሞ ደቃቅ ጭቃ ይዘቅጣል።

በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል መተላለፊያ አለ። ክር የሚያካክሉ ጥቃቅን ትሎች በዚያ ይሽሎከሎካሉ፤ ማዕበሉ ሲመላለስም ኦክስጅን ብዙ ሴንቲሜትር ዘልቆ ይገባል። ዲያቶም የሚባሉት ባለ አንድ ሴል አልጌዎች ማዕበል እንዳይወስዳቸው እያንዳንዳቸው ከአሸዋ ቅንጣት ጋር ይጣበቃሉ።

ጭቃ ሌላ አገር ነው። መተላለፊያ የለውም፤ ትሉ ገፍቶ ካልሄደ አያልፍም። ኦክስጅን ከላይ ጥቂት ሚሊሜትር ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በታች ጥቁር ነው፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ሽታው ሰልፌት የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ሥራ ነው። ቢሆንም ጭቃ ድሃ አይደለም። እንደ ዋልካ ያለ የሚያብጥ ሸክላ አንድ ግራሙ ውስጥ ያለው ገጽ ቢዘረጋ በመቶዎች የሚቆጠር ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ ምግብ በዚያ ሁሉ ላይ ይለጠፋል። የጭቃ ዲያቶሞች አይጣበቁም፣ ይንሸራተታሉ፤ ባሕሩ ሲሸሽ ብርሃን ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ከመመለሱ በፊት ይሰወራሉ። የሚተዉት ልጋግ ጭቃውን አጣብቆ ከማዕበል ይጠብቀዋል። ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀኝ ይህ ነው፦ ጭቃው ያኖራቸዋል፣ እነሱም ጭቃውን ያቆዩታል።

ፎራሚኒፈራ የሚባሉትም አሉ፤ አንድ ሴል ሆነው ለራሳቸው ቤት የሚሠሩ። ብዙዎቹ ቤታቸውን ከኖራ ይገነባሉ። በጨዋማ ረግረግ ግን የሚበሰብሰው ቅጠል ጭቃውን ያኮመጥጠዋል፣ ኖራውም ይሟሟል፤ ስለዚህ እዚያ የሚበዙት ደቃቅ ቅንጣት እያጣበቁ ግድግዳ የሚያቆሙት ናቸው።

ይህ ሁሉ ለሶማሌ ክልል የሩቅ ወሬ አይደለም፤ አገሩ ራሱ ባሕር ነበር። በሐረርና በጅጅጋ ዙሪያ የሚታየው የጁራሲክ ዘመን በሃ ድንጋይ የዚያ ባሕር ወለል ነው። በኦጋዴን ጂኦሎጂ ንብርብሮቹ የየቦታውን ስም ይዘዋል፦ ኡራንዳብ ሲባል ጭቃ የነበረ ድንጋይ ነው፤ የቆራሄው ጂፕሰም ውሃው በፀሐይ እየተነነ ጨዉ ብቻ የቀረበት ጥልቀት የሌለው ባሕር ቅሪት ነው፤ ከዚያ በላይ ባለው የሙስታሂል በሃ ድንጋይ ውስጥ ደግሞ ኦርቢቶሊና ይገኛል። ኦርቢቶሊናም ፎራሚኒፈራ ነው፤ ከወለሉ ያገኘውን ቅንጣት ግድግዳው ውስጥ እየሰካ የኖረ። ነዳጅ ፈላጊዎች ከጉድጓድ የወጣውን ፍርፋሪ በአጉሊ መነጽር አይተው ዕድሜውን የሚለዩት እንደነዚህ ባሉት ነው።

ሁሉም የሚነሣበትን የጭቃና የአሸዋ ልዩነት ለማየት ግን ላቦራቶሪ አያስፈልግም። አንድ እፍኝ ዋልካና አንድ እፍኝ የጀረር አሸዋ በየብርጭቆው ውሃ ጨምራችሁ በጥብጡና አስቀምጡ። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል፤ የዋልካው ውሃ በማግስቱም ድፍርስ ነው።