ጠለፋን ለማስቀረት ሕግም በጀትም ያሻል

ጠለፋ በባህል ስም ተሸፍኖ የሴቶችን ሰብዓዊ መብት ሲገፍ የኖረ ጨቋኝ ልማድ ነው። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የተጠለፈችው «በፈቃዷ» ጠላፊዋን ካገባች ክሱ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 587 ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት ደንግጎ፣ በጋብቻ የማምለጫውን በር ዘጋ።

ይሁን እንጂ ሕግ ያለ በጀት ከወረቀት አያልፍም። ከጊንጪ፣ ከጉደር ወይም ከጌዶ ገጠር ከጠላፊ አምልጣ አምቦ የምትደርስ ልጃገረድ ሕክምና፣ መጠለያና ጠበቃ ያሻታል። ጠለፋን አስቀድሞ ለመከላከል በየትምህርት ቤቱና በየዕድሩ ማስተማርም ወጪ አለው። የ2008ቱ አዋጅ ቁጥር 970 የፌዴራል መንግሥት በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ እንዲታይ አዟል፤ ይኸው መርሕ እስከ ወረዳ መዝለቅ ይገባዋል። እንግዲህ የቀበሌው ነዋሪና ሠራተኛው የወረዳው በጀት ለውይይት ሲቀርብ፣ «ለሴት ልጆቻችን ጥበቃ ስንት ተመደበ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።