ጡት ማጥባት የእናት ብቻ ሥራ አይደለም፦ ለአባቶች

“ወተቷ አልበቃውም፤ የዱቄት ወተት ልግዛ?” አባቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው።

ከመግዛትህ በፊት የሽንት ጨርቁን ቁጠር። ከ5ኛው ቀን በኋላ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ክብደቱም እየጨመረ ከሆነ ወተቱ በቅቶታል። ልቅሶ ብቻውን የረሃብ ምልክት አይደለም። ጡት ወተት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ስለሆነ፣ ጡጦ ሲለመድ የእናት ወተት ይቀንሳል።

ያንተ ድርሻ፦

• በእርግዝና ክትትል ቀጠሮዋ አብረሃት ግባ፤ የሚሰጠውን ምክር አንተም ስማ።
• በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ እንገሩን እንዲያገኝ አግዝ። “ቅቤ ይላስ፣ ውሃ በስኳር ይቅመስ” የሚል ዘመድ ሲመጣ፣ “እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም አይቀምስም” የምትለው አንተ ሁን። አራሷ ከአማቷ ጋር አትከራከር።
• ሌሊት ሕፃኑን አንስተህ አቀብላት፤ ጠብቶ ሲጨርስ አስገሳው። ድካምና ጭንቀት ወተቱ ቶሎ እንዳይወርድ ያደርጋሉ።
• ጡቷ ቀልቶ ካበጠና ካተኮሳት ጤና ጣቢያ ውሰዳት፤ ማጥባቷን ግን አታቋርጥ።

በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል ድርጅት ሠራተኛ የሆነ አባት ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ አለው። ትንሽ ነው፤ ግን ጠይቀህ ውሰደው።