ያገለገለ የአቧራ መምጠጫ ማሽን ሊገዙ ነው?

ባለፈው ግንቦት አንድ የ48 ዓመት አናጢ ለሦስት ወር ያልለቀቃቸውን ሳል ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታ መመርመር ስላለበት አስመረመርናቸው፤ የሳንባ ነቀርሳ አልተገኘባቸውም። የደረት ራጃቸውም ደህና ነበር። «ሥራ በማይሠሩበት ቀን እንዴት ያደርግዎታል?» ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ለፋሲካ አገር ቤት ከርሜ ደህና ነበርኩ፤ ተመልሼ ማሽኑን ስነካ እንደገና ጀመረኝ» አሉኝ። የበሽታውን መንስኤ የጠቆመችን ይህች መልስ ናት። ከትንፋሽ ምርመራ በኋላ ችግራቸው ከሥራቸው ጋር የተያያዘ አስም መሆኑን ለየን።

እኚህ ሰው የሚሠሩት ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ በከለሏት ክፍል ነው። ከግድግዳው ማዶ ልጆቻቸው ይተኛሉ፤ ትንሿ ልጅም ሌሊት ሌሊት ማሳል ጀምራለች። ሥራውን ይተዉ ብዬ ለመምከር አልደፈርኩም፤ የቤቱ እንጀራ የሚወጣው ከዚያች ክፍል ነው። እርሳቸውም «ያገለገለ የአቧራ መምጠጫ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ብለው ጠየቁኝ። በሕክምና ትምህርት ቤት ይህን ያስተማረን የለም። ከባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትን ከሕክምናው ጋር አያይዤ ላካፍልዎ።

ወለል ላይ የሚወድቀው ሰጋቱራ ብዙም አያሰጋኝም፤ ውኃ ረጭተው ይጠርጉት። የሚያሰጋኝ እንጨት ሲቆረጥና በብርጭቆ ወረቀት ሲለሰልስ የሚነሳው ደቃቅ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው። ከ10 ማይክሮን ያነሰ ብናኝ ወደ አየር ቧንቧ ይዘልቃል፤ እጅግ ደቃቁ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይደርሳል፤ ተለቅ ያለው ደግሞ አፍንጫ ውስጥ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫና በዙሪያው ያሉ ክፍተቶችን ካንሰር። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፤ የሚታየውም ከረጅም ዓመታት በኋላ ነው። ኤምዲኤፍና ቺፑድ የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ ማጣበቂያቸው ውስጥ ያለው ፎርማልዲሃይድ ይጨመርበታል።

ወደ ማሽኑ ስንመጣ፣ አሮጌ መምጠጫዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የጨርቅ ከረጢት ሰጋቱራውን ይይዝና ደቃቁን ብናኝ መልሶ ክፍሉ ውስጥ ይነፋዋል። ወለሉ ጸድቶ ሲያዩ ደስ ይልዎታል፤ የሚተነፍሱት አየር ግን ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ አካሉንና ሞተሩን ያገለገለ ይግዙ፤ ከረጢቱን ግን ለሻጩ ይተዉለት። የሌላ ሰው የዓመታት ብናኝ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በምትኩ እስከ 1 ማይክሮን የሚያጣራ አዲስ ማጣሪያ ይፈልጉ።

ሞተሩን ሃያ ደቂቃ ያህል አስነሥተው ይቁሙበት። ኩሽኔታው ቢጮህ፣ ቢንቀጠቀጥ ወይም የተቃጠለ ነገር ቢሸትዎ ይለፉት። የአየር መሳቢያው ቅጠሎች እንዳልተሰነጠቁም ያስከፍቱና ይዩ። ታርጋው ላይ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ የሚል መኖር አለበት። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው ማሽን ከሆነ ይጠንቀቁ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የአገሩን 60 ኸርዝ አያስተካክልም። ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይሞቃል፣ መሳቡም ይደክማል።

ማሻሻያው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከማሽኑ በፊት ክዳን ያለው በርሜል ገብቶ አየሩ እየተሽከረከረ እንዲያልፍ ቢደረግ ሰጋቱራው እዚያ ይቀራል፤ ማጣሪያውም ቶሎ አይደፈንም። ሽቦ ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ ያሳጥሩት፤ ሸካራነቱ የአየሩን ጉልበት ይበላዋል። ለረጅሙ መስመር ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ የፍሳሽ ቱቦ ይሆናል።

በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚሻለው የማሽኑን ትንፋሽ ከክፍሉ ውጭ ማውጣት ነው። ብርድ አገር ያሉ ሰዎች ቤቱ የሞቀበትን አየር ላለማባከን አየሩን አጣርተው መልሰው ያስገባሉ፤ እኛ ይህ ችግር የለብንም። ብቻ የጎረቤት መስኮት ወይም የልጆች መጫወቻ ላይ እንዳያነጣጥሩት። የሚወጣውን አየር የሚተካ ክፍተትም ይተዉ፤ ከሰል የተያያዘበት ክፍል ከአጠገቡ ካለ ጭሱን ስቦ ሊያመጣው ይችላል።

ብረት የሚቆርጡበትን ግራይንደር ከዚህ ማሽን ጋር በፍጹም አያገናኙ፤ አንድ ፍንጣሪ በርሜል ሙሉ ሰጋቱራ ያቀጣጥላል። ልብስዎን በኮምፕሬሰር አያራግፉ። ሲያለሰልሱና በርሜሉን ሲደፉ ኤን95 ጭምብል ያድርጉ፤ ሻሽም ሆነ ተራው የሕክምና ጭምብል ለዚህ አይበቃም።

ከአንድ ወገን አፍንጫ ብቻ ደጋግሞ የሚደማ ወይም የሚዘጋ ካለ፣ ጉንፋን ነው ብለው አይቆዩ፤ የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት።

እኚያ አናጢ ማሽኑን ገዝተው ትንፋሹን በጓሮ በኩል አወጡት። በቅርቡ ለቀጠሮ ሲመጡ ከቆርቆሮው የምስማር ቀዳዳ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ ብናኝ ሲዋኝ እንደሚያዩ፣ አሁን ግን እንደ ድሮው እንዳልሆነ ነገሩኝ። የልጃቸው ሳል ቀንሷል። እርሳቸው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት እየወሰዱ ነው፤ ገና አላስቆምኳቸውም።