ፉዚ፦ የተገራው መርዝ

ሲቹዋን በተባለው የቻይና ክፍለ ሀገር፣ በጂያንግዩ ከተማ አካባቢ፣ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል በማሳ ይለማል። ዋናው ሥሩ «ቹዋንዉ»፣ ከጎኑ የሚወጡት ልጆቹ ደግሞ «ፉዚ» ይባላሉ። ሁለቱም ጥሬያቸውን ይገድላሉ። በውስጣቸው ያለው አኮኒቲን የልብን ምት ያዛባል፤ ሰው ለመግደል 2 ሚሊግራም ገደማ ሊበቃ ይችላል። የቻይና ባህላዊ ሐኪሞች ግን ለደከመ ልብ፣ ለሚቀዘቅዝ እጅና እግር፣ ለቁርጥማት የሚያዙት ይህንኑ ሥር ነው።

የአፈ ታሪኩ ንጉሥ የሼንኖንግ ነው የሚባለው ጥንታዊ የመድኃኒት መጽሐፍ 365 መድኃኒቶችን በሦስት ደረጃ ሲመድብ፣ ታች ካስቀመጣቸው 125ቱ ብዙዎቹ መርዛም ናቸው። «አትንኳቸው» ግን አይልም። ከዳጉሳ ፍሬ በማትበልጥ መጠን ተጀምሮ፣ በሽታው ሲለቅ ወዲያው እንዲቆም ያዛል። በሽታውን የሚያባርረው ያው የመርዙ ኃይል ነው ተብሎ ይታመናልና።

ፉዚን መግራት ትዕግሥት ይጠይቃል። ሥሩ መራራ የጨው ውሃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ ይቀቀላል፤ ይከተፋል፤ ጨውነቱ እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ ይነከራል፤ በእንፋሎት በስሎ ይደርቃል። በአንዱ አዘገጃጀት ባለሙያው ቁራጩን ገምሶ ያየዋል፤ መሃሉ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ከዚያ ይቀምሰዋል፤ ምላስን በጥቂቱ ብቻ ካደነዘዘ ደርሷል። ውሃውና ሙቀቱ አኮኒቲኑን ሰባብረው መርዝነቱ እጅግ ወዳነሰ ውህድ ይለውጡታል። በሽተኛው ቤትም ከሌሎቹ ሥራ ሥሮች ቀድሞ የሚጣደው እሱ ነው። ቸኩሎ ያወረደው ሰው ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

በመርዝ ማከም የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቻይናዋ ሐርቢን ከተማ ሐኪም ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቹ አርሴኒክ፣ ሜርኩሪና የጓጉንቸር መርዝ ያለበትን የመንደር መድኃኒት መረመሩ። ሥራውን የሚሠራው አርሴኒኩ ሆኖ ተገኘ። አንድ ዓይነት የደም ካንሰርን ስለሚያድን አሜሪካ በ2000 ፈቀደችው፤ ዛሬም በሆስፒታል በመርፌ ይሰጣል። ለፉዚ ግን ይህን ያህል ጠንካራ ማስረጃ የለም።

መርዝ ግን ሁልጊዜ አይገራም፤ ዕድሜ ያረዝማል ተብሎ የተቀመመላቸውን ሜርኩሪ የዋጡ አንዳንድ የታንግ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት በዚያው እንደሞቱ ይነገራል። ለጥንቃቄም የቻይና መንግሥት በ1988 ባወጣው ደንብ አርሴኒክንና ጥሬ ፉዚን ጨምሮ 28 ባህላዊ መድኃኒቶችን በመርዛማነት መዝግቧል። በአንድ ማዘዣ ከሁለት ቀን ከፍተኛ መጠን በላይ መስጠት አይፈቀድም፤ ማዘዣውም ለ2 ዓመት ይቀመጣል።