አንድ ልኬት አይበቃም
«ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት 152 አሳየኝ፤ መድኃኒት ልጨምር?» የሚል ጥያቄ ስለ በዛ ይህን ልጽፍ ወደድሁ። የደም ግፊት በእንቅልፍ፣ በቡናና በኀዘን ምክንያት በየሰዓቱ ከፍና ዝቅ የሚል ስለ ሆነ፣ አንዲት ልኬት ብቻዋን የታመነች ምስክር ልትሆን አይቻላትም።

ስለዚህ ከቡናና ከሲጋራ 30 ደቂቃ ርቀው፣ ጀርባን አስደግፈው፣ እግርን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ በጸጥታ ዐርፈው፣ ክንድን በልብ ትክክል አኑረው፣ ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ አስቀድሞ፣ ማታም ከመኝታ በፊት፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለት ሁለት ጊዜ እየለኩ 7 ቀን መመዝገብ ይገባል፤ መልካም መልካሙን ብቻ መርጦ መጻፍ (ብዙዎች ያደርጉታል!) ሐኪምን ሳይሆን ራስን መደለል ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ትታችሁ የቀሩትን 24 ልኬቶች፣ የላይኛውን ለብቻ፣ የታችኛውን ለብቻ ደምራችሁ ለ24 አካፍሉ። አማካዩ 135/85 ከደረሰ ወይም ካለፈ መዝገቡን ለሐኪማችሁ አሳዩ። ልኬቱ ከ180/120 አልፎ የደረት ሕመም ወይም የአንደበት መታሰር ከታየ ግን፣ አማካይ ሳትጠብቁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ።